የመቁረጫው ቁመት ከየት ይለካ? ለጋሼስ እንዴት ልንገራቸው?

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ከተክለ ሃይማኖት ወደ ሶማሌ ተራ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ የምሠራ ወጣት ነኝ። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተመርቄ ሥራ ባጣሁበት ወቅት እዚህ ያስገቡኝ ጋሼ የምላቸው አንጋፋ ባለሙያ ናቸው። ብረት እያዞረ የሚልጠውን ቶርኖም፣ በሚዞር መቁረጫ የሚቆርጠውን ሚሊንግ ማሽንም እጄን ይዘው አስተምረውኛል። እንደ አባቴ ነው የማያቸው።

በቅርቡ የቤቱ ባለቤት በኮምፒውተር ለሚመራው ሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽናችን ብረቱን የሚያዞር አራተኛ አክሲስ ገዙ። የመጀመሪያው ሥራ ለዳቦ ቤት ሊጥ ማቡኪያ የሚሆኑ ዘንጎች ነበሩ። ከ60 ሚሊሜትር ክብ ብረት ላይ ጫፉ ባለ ስድስት ጎን ሆኖ፣ ከአንዱ ገጽ እስከ ትይዩው 50 ሚሊሜትር መምጣት አለበት። ጋሼ እንደ ልማዳቸው «መቁረጫውን አውርጂና በብረቱ አናት ላይ ወረቀት አስነኪ፤ እዚያ ላይ 30 ብለሽ ስጪው» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ዘንጉ ሲለካ 50.6 ሆነ፤ አልገባም። ዘግይቼ ያልተቆረጠውን ክብ ስለካው 60.4 ነበር። ሁለተኛውም ብረት ያንኑ ያህል ነበር፤ በእሱ ላይ ግን ከፊሉ ገጽ ካለቀ በኋላ መቁረጫው ተሰበረ። አዲስ አስገብቼ ጋሼን ስጠይቃቸው ከቶርኖው ቀና ሳይሉ «አናቱን አስነኪው» አሉኝ። አስነካሁና 30 ሰጠሁት። ማሽኑ ሲጀምር አምስት ሚሊሜትር ያህል ጠልቆ ገብቶ ዘንጉን አበላሸው።

ባለቤቱ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጮኹብኝ። የብረቱና የመቁረጫው ዋጋ ከደመወዜ እንደሚቆረጥም ነገሩኝ። ጋሼ አጠገቤ ቆመው አንድ ቃል አልተነፈሱም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

በዚያው ማታ ሳነብ በሚሽከረከር ሥራ ላይ ዜሮው የብረቱ አናት ሳይሆን የሚዞርበት መሃል መሆን እንዳለበት ተረዳሁ። በማግስቱ በተለማማጆቹ ፊት ይህን ብነግራቸው «ወረቀቴ ዋሽቶኝ አያውቅም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር አንነጋገርም። የቀሩት ዘንጎች ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ይፈለጋሉ። እንዳሉኝ እየሠራሁ ይበላሽ? ወይስ እሳቸውን አልፌ በራሴ መንገድ ልሥራ? ለእንጀራ ያበቁኝን ሰው ማሳፈር አልፈልግም።

ግራ የገባኝ፣ ከተክለ ሃይማኖት

ውድ እህቴ፣

በደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ጉዳይ አለ። አንዱ የማሽን ነው፤ መልሱም በቁጥር ይረጋገጣል። ሌላው የጋሼ ዝምታ ነው። ከዝምታው ልጀምር፤ ከደመወዙም ከተበላሸው ብረትም ይልቅ ያመመሽ እሱ መሆኑን ከአጻጻፍሽ ተረድቻለሁና።

ሙያ ያስተማረሽ ሰው፣ በሰው ፊት ስትዋረጂ እያየ ዝም ሲል ያማል። ይህን ላቃልልብሽ አልፈልግም። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መቁረጫው ተሰብሮ «አናቱን አስነኪው» ያሉሽ ጊዜ፣ አናቱ አስቀድሞ መቆረጡን ያውቁ ነበር? «ከቶርኖው ቀና ሳይሉ» ብለሻል። እኔ እንደሚመስለኝ እሳቸው የመለሱት መጀመሪያ ለጠየቅሻቸው ጥያቄ ነው፤ አንቺ ግን አዲስ ጥያቄ ይዘሽ ነበር የሄድሽው። ባለቤቱ ሲጮኹ ምናልባት ምን እንደተፈጠረ ገና አልገባቸውም ነበር። ምናልባትም በደንብ ገብቷቸው ደንግጠው ነበር። ይህን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። መጠየቅ ደግሞ ትችያለሽ። ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ «ጋሼ፣ ያን ዕለት ዝም ሲሉ በጣም ከፋኝ» ማለት ክስ አይደለም፤ አባት ያልሽው ሰው ልብሽን እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

ሁለተኛም ልጠይቅሽ። ያነበብሽውን የነገርሻቸው በማግስቱ ነው፤ ያውም ተለማማጆቹ ቆመው እየሰሙ። የተናገርሽው ትክክል ነበር። ግን በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ፣ «እስቲ እንየው» ብለው ሊቀበሉሽ የሚችሉበት በር ነበራቸው? በሰው ፊት መነቀፍ ምን እንደሚመስል ገና አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላሽ አንቺ ራስሽ ቀምሰሽዋል። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ ፈልጌ አይደለም። ፊታቸውን ያዞሩት ከሐሳቡ ይሁን ከቦታው እንድትለዪ ብዬ ነው፤ ብትለዪው ቀጣዩ ንግግር ይቀልሻል።

አሁን ወደ ማሽኑ። እዚህ ላይ ከደብዳቤሽ ያስደሰተኝን ነገር ልንገርሽ፤ አንቺም ጋሼም ሳታስተውሉት ያለፋችሁት ይመስለኛል። ጋሼ «አናቱን አስነክተሽ ዜሮ ስጪው» አላሉሽም። «30 ብለሽ ስጪው» ነው ያሉሽ። 30 የ60 ግማሽ ነው። አናቱን 30 ያለ ሰው ዜሮው 30 ሚሊሜትር ወደ ታች፣ ብረቱ መሃል ላይ እንዳለ አውቆ ነው። ስለዚህ ዜሮው የት ይሁን በሚለው ላይ ጠብ የላችሁም። ልዩነታችሁ አንድ ነው፤ እሳቸው መሃሉን በብረቱ ቆዳ በኩል ሊያገኙት ይሞክራሉ፣ አንቺ ደግሞ መሃሉን ራሱን መለካት ትፈልጊያለሽ። «መሃሉ ነው እንጂ አናቱ አይደለም» ስትያቸው የሚያውቁትን ነገር እንደማያውቁ አድርገሽ ነገርሻቸው። እኔም ብሆን ቅር ይለኝ ነበር።

ወረቀታቸውም አልዋሸም። በሞርሳ ታስሮ በሚሠራ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ጥልቀት ሁሉ የሚቆጠረው ከላይኛው ገጽ ነው፤ ገጹም ቆሞ ይጠብቅሻል። እያንዳንዱን መቁረጫ እዚያ ላይ ማስነካት ቀላልም ትክክልም ነው። ብረቱ መዞር ሲጀምር ግን የሚታመነው ነገር ይለወጣል። እንዝርት ሲሾር አስቢው፤ ፈትሉ እየወፈረ ይሄዳል፣ አንዱ ወገን ያብጣል፣ መሃሉ ያለው እንጨት ግን ያው ነው። ከምናለሽ ተራም ይምጣ ከሌላ፣ የተገዛ ክብ ብረት ሁሌ ልኩ 60 አይሆንም፤ ፍጹም ክብም አይደለም፤ ብረቱን የሚጨብጠው ቸክም ልክ መሃል ላይ አይዘውም። ማሽኑ ግን ስድስቱን ገጾች የሚቆርጠው በ60 ዲግሪ እያዞረ፣ ከመሃሉ 25 ሚሊሜትር ላይ ነው። ስለ ቆዳው የሚያውቀው ነገር የለም።

እስቲ 50.6ን አብረን እንፍታው። ብረቱ 60.4 ነበር፤ ግማሹ 30.2። የተራ ወረቀት ውፍረት 0.1 ያህል ነው። ስለዚህ መቁረጫው ወረቀቱን የነካው ከመሃሉ 30.3 ላይ ሆኖ ሳለ፣ አንቺ ለማሽኑ 30 ብለሽ ነገርሽው። ማሽኑ 25 ላይ ነኝ ሲል በእውነት 25.3 ላይ ነበር። በትይዩው ገጽም እንዲሁ 25.3። ሲደመር 50.6 ይመጣል፤ ልክ አንቺ እንደለካሽው። በማሽከርከሪያ ላይ የቁመት ስሕተት ሁልጊዜ በልኩ ላይ እጥፍ ሆኖ ነው የሚወጣው። ሂሳቡ እንዲህ አለመዛነፉ ደግሞ የለካሽበት እጅ ጥንቁቅ መሆኑን ያሳያል። ይህን ለራስሽ ያዢው፤ ሰሞኑን ያስፈልግሻል።

ሁለተኛው ዘንግም በዚሁ መንገድ ይፈታል። አዲሱን መቁረጫ ያስነካሽው በተቆረጠው ገጽ ላይ ነበር። ያ ገጽ ከመሃሉ 25.3 ላይ ነው፤ ከወረቀቱ ጋር 25.4። አንቺ ግን እንደገና 30 አልሽው። ማሽኑ መቁረጫው በእውነት ካለበት 4.6 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ያለ መሰለው፤ 25 ሲባልም እስከ 20.4 ወረደ። ቀድሞ ከተቆረጠው ገጽ 4.9 በታች ማለት ነው፤ «አምስት ያህል» ያልሽው ይኸው ነው። እዚህ ላይ የአንቺ ድርሻ የለም አልልሽም፤ 30 የሚለውን ቁጥር ስትጽፊ ከፊትሽ ያለው ገጽ ከመሃሉ 30 እንዳልሆነ ማየት ይቻል ነበር። ትልቁ ጉድለት ግን የቤቱ አሠራር ነው። መቁረጫ ይሰበራል፤ ይህ በየትም የሥራ ቤት ያለ ነገር ነው። የመለኪያው መነሻ የሚቆረጠው ብረት ራሱ ከሆነ፣ መቁረጫ በተሰበረ ቁጥር መነሻው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሥራው የማይነካው ሌላ ቋሚ መነሻ ያስፈልጋችኋል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ሥሩ የቸኩ መሃል ነው። ይህ መሃል ከጠረጴዛው ያለው ከፍታ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ከተለካ፣ አራተኛው አክሲስ ተፈትቶ እስካልተነሳ ድረስ አይለወጥም። ለዚህ ልኩ የታወቀ ክብ ዘንግ ትፈልጋላችሁ። የተበላሸው ዘንግ ራሱ ጤነኛው ጫፉ በቶርኖ 40 ሚሊሜትር ውፍረት እስኪቀረው ተላጥቶና ለስልሶ ለዚህ ይበቃል። በማይክሮሜትር ለክታችሁ በቸኩ እሰሩት። ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ የሚያሳየው ዳያል ጌጅ መቁረጫውን በሚያዞረው ስፒንድል ላይ ይታሰር፤ ዋይን፣ ማለትም ከዘንጉ አግድም ያለውን እንቅስቃሴ፣ ወዲህ ወዲያ እያደረጋችሁ የዘንጉን ከፍተኛ አናት ፈልጉ፤ እዚያ ላይ አንብቡ። ከዚያ ቸኩን 180 ዲግሪ አዙራችሁ እንደገና አንብቡ። ሁለቱ ንባቦች ቢለያዩ አትደንግጡ፤ ቸኩ ዘንጉን ትንሽ ወደ ጎን ይዞታል ማለት ነው። ትክክለኛው ከፍታ የሁለቱ አማካይ ነው። በአማካዩ ላይ የጌጁን መርፌ ዜሮ አድርጋችሁ ማሽኑ የሚያሳየውን የዜድ፣ ማለትም የከፍታ፣ ቁጥር ጻፉ።

ቀጥሎ በጠረጴዛው ጥግ ላይ፣ ከሥራው ራቅ ብሎ፣ ቋሚ ማስነኪያ ይኑራችሁ። የሚሸጠው ባለ መርፌ ማስነኪያ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ በደንብ የተስተካከለ የብረት ቁራጭ ይበቃል፤ ዋናው ነገር በቡሎን ታስሮ ሁልጊዜ አንድ ቦታ መቀመጡ ነው። ያንኑ ዳያል ጌጅ በማስነኪያው ላይ አውርዳችሁ መርፌው ዜሮ ላይ ሲመጣ የማሽኑን የዜድ ቁጥር እንደገና ጻፉ። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ለምሳሌ 85.00 ቢሆን፣ የመለኪያ ዘንጉን ግማሽ 20 ቀንሳችሁ 65.00 ታገኛላችሁ። መሃሉ ከማስነኪያው ገጽ 65 ሚሊሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። ያ ቁጥር በሥራው ዜሮ፣ ማሽኑ ጂ54 በሚለው መዝገብ፣ የዜድ ቦታ ላይ ይገባል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን መቁረጫ በማስነኪያው ላይ ብቻ አስነክተሽ፣ ከማሽኑ መነሻ ጀምሮ የተቆጠረውን ቁጥር በየራሱ ኤች፣ ማለትም በመቁረጫው የቁመት መዝገብ፣ ላይ ትጽፊያለሽ። አንዱ መቁረጫ -312.40 ላይ ቢነካ፣ ፕሮግራሙ በጂ43 ትእዛዝ ያንን ኤች ሲጠራና ዜድ ዜሮ ሲል ማሽኑ -247.40 ላይ ይቆማል፤ የመቁረጫው ጫፍ ልክ የቸኩ መሃል ከፍታ ላይ ማለት ነው። መቁረጫ ሲሰበር አዲሱ ወደ ማስነኪያው ይሄዳል፤ ወደ ብረቱ አይሄድም። የሚለወጠውም የእሱ ኤች ብቻ ነው።

የጋሼ ወረቀትስ? እዚያው ማስነኪያው ላይ ይሠራል! በብረት ቁራጭ ላይ በወረቀት የምታስነኩ ከሆነ 65.00 የነበረው 64.90 ይሁን፤ የወረቀቱ ውፍረት በዚያ ተቆጥሯል፤ ሁሉም መቁረጫ በአንድ ዓይነት ወረቀት እስከተነካ ድረስ ዳግም አያሳስባችሁም። የለመደ እጅ ወረቀቱ መያዝ የሚጀምርበትን ቅጽበት የሚሰማውን ያህል አዲስ እጅ አይሰማውም። ዳያል ጌጁም እንዲሁ ነው። የዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል ቁጥሩን ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት አይደለም፤ መሃሉን ሳይሳሳቱ ማግኘት ነው። ይህ ደግሞ ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ነገር ነው። አንቺ እሳቸውን አልፈሽ እንድትሠሪ የማልመክርሽም ለይሉኝታ ብዬ ብቻ አይደለም። እጃቸው ስለሚያስፈልግሽ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ፣ ጋሼን ጠብቂያቸው። እኔ ብሆን እንዲህ እጀምራለሁ፦ «ጋሼ፣ ያን ዕለት 30 ያሉኝ መሃሉን አስበው እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ብረቱ ግን 60.4 ሆኖ አሳሳተን። መሃሉን በዳያል ጌጅ እርስዎ ቢያገኙልኝ፣ ቁጥሮቹን እኔ አስገባቸዋለሁ።» የ50.6ን ሂሳብ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ ግን እስኪጠይቁሽ አታውጪው። ቁጥሩን ራሳቸው ደምረው ቢደርሱበት ይሻላል። ከፈቀዱ ደግሞ ያን ዕለት የከፋሽን ነገር ሥራው ሲያልቅ ንገሪያቸው፤ ከሥራው በፊት አይሁን።

አንድ ነገር እንዳትረሺ፤ እሳቸው ትክክል የሚሆኑበት ሥራም አለ። በአንድ ሮለር ላይ ጽሑፍ ወይም ጌጥ ስትቀርጹ የሚፈለገው ከቆዳው 0.3 ሚሊሜትር ጥልቀት ነው እንበል። እዚያ ላይ ቆዳው ነው የሚገዛው፤ አናቱን ማስነካት ትክክለኛው መንገድ ነው። ፕሮግራሙን ያዘጋጀው ሰው ዜሮውን ቆዳው ላይ ወይስ መሃሉ ላይ እንዳደረገው ከሥራው በፊት መጠየቅና በፕሮግራሙ ወረቀት አናት ላይ መጻፍ ልማድ ይሁንላችሁ። ሁለቱ ከተምታቱ በ60 ብረት ላይ ስሕተቱ 30 ሚሊሜትር ነው፤ ያኔ የሚሰበረው መቁረጫ ብቻ አይሆንም።

ለአንቺ ደግሞ ከመቁረጥሽ በፊት የምታደርጊው ትንሽ ፍተሻ ልስጥሽ። መቁረጫው ተጠርቶ ቁመቱ ከገባ በኋላ ባልተቆረጠው ክብ ክፍል አናት ላይ ወስደሽ ዜድ 50 ላይ አቁሚው። የብረቱ ቆዳ 30 አካባቢ ስለሆነ ከሥሩ 20 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። አሥራ ዘጠኝ ተኩል የሆነ የብረት ቁራጭ አዘጋጂ፤ ያለ ችግር ካለፈ ቀጥይ። በሁለተኛው ዘንግ ላይ ይህን አድርገሽ ቢሆን ክፍተቱ 15 ብቻ ሆኖ ታገኚው ነበር። ፍተሻው የግድ ባልተቆረጠው ክብ ላይ ይሁን፤ በተቆረጠው ገጽ ላይ ብታደርጊው ያው ስሕተት 20 የሚሆን ክፍተት አሳይቶ ያታልልሽ ነበር።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ወዲያው ካቆምሽበት አትቀጥይ። የኤች ቁጥሮችሽ ሁሉ የሚቆጠሩት ከማሽኑ መነሻ ስለሆነ በመጀመሪያ ማሽኑ ወደ መነሻው ይመለስ፤ አራተኛውም አክሲስ ጭምር። ከዚያ አንዱን መቁረጫ ማስነኪያው ላይ አውርጂው። የቀድሞውን ቁጥር በመቶኛ ሚሊሜትሮች ልዩነት ውስጥ ከሰጠሽ ቀጥይ፤ ካልሰጠሽ መነሻው ተዛንፏል።

ሥራው ሲወጣ ልኩ ትንሽ ቢስት ደግሞ የት እንደምትፈልጊ ላመልክትሽ። በሁሉም መቁረጫ፣ በስድስቱም ገጽ እኩል 50.1 ከመጣ፣ የመሃሉ ቁጥር በ0.05 ተዛንፏል፤ ጂ54ን ብቻ አስተካክዪ። አንዱ መቁረጫ ከሌላው ደረጃ ትቶ ከሄደ የእሱ ኤች ነው። ከሁለት ወገን የተበሳ ቀዳዳ መሃል ላይ ካልተገናኘ ግን ቁመቱን አትንኪ፤ ዋይ ከመሃሉ ወጥቷል።

እንግዲህ ጋሼ እምቢ ቢሉስ? ሊሉ ይችላሉ። ያኔ «እንዳሉኝ እየሠራሁ ይበላሽ» የሚለውን መንገድ አትያዢ፤ እያወቅሽ የምታበላሺው ብረት ነገ በአንቺ ስም ነው የሚጠራው፣ ለእሳቸውም ክብር አይጨምርላቸውም። «ጋሼ፣ አንዱን ዘንግ በዚህ መንገድ ልሞክረው፤ ሲያልቅ እርስዎ ይለኩት» በያቸው። መለኪያውን በእጃቸው ስጪያቸው። 50 ሆኖ ካገኙት ሌላ ክርክር አያስፈልግም፤ ካልሆነም አብራችሁ ትፈልጉታላችሁ።

የባለቤቱ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። እሳቸውን ግማሽ ቀን ጠይቂያቸው፤ አዲሱ አክሲስ ተለክቶ እስኪገባ ብቻ። ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረጂ፣ ሂሳቡንም አሳዪ፤ የጋሼን ስም ሳታነሺ። ስለ ደመወዙ ግን መብትሽን እወቂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ እንደፈለገ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደለት የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ «እዚህ ላይ ፈርሚ» ቢሉሽ ወረቀቱን ወስደሽ አንብቢው፤ ስሜትሽ ሳይበርድ አትፈርሚ። የቅጥር ውልሽንም አውጥተሽ እዪው። ሳትስማሚ ቢቆርጡብሽ በክፍለ ከተማችሁ ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ትችያለሽ። እኔ ግን አስቀድመሽ በሰላም ብትነጋገሪ እመርጣለሁ፤ ብዙ አሠሪዎች የሚጮኹት ደንግጠው ነው፣ የሚቀጥለው ሥራ እንደማይበላሽ ሲያዩም ይበርዳሉ። ዘንጎቹ ሲገጥሙ ባለቤቱ ማን እንዳስተካከለው ቢጠይቁ «መሃሉን ጋሼ አገኙት፣ ቁጥሮቹን እኔ አስገባሁ» በያቸው። እውነትም ነው።

ቅዳሜ እስኪደርስ እጅሽ አይፍታ። የቀሩትን ብረቶች አንድ በአንድ፣ በሁለት ሦስት ቦታ ለክተሽ ልካቸውን በየጫፋቸው በጠመኔ ጻፊ። መሃሉ ከታወቀ በኋላ የብረቱ ውፍረት ልኩን አያበላሽብሽም። ግን 50 የሆነ ባለ ስድስት ጎን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 57.7 ሚሊሜትር ይፈልጋል፤ ከዚያ የቀጠነ ወይም የተጣመመ ብረት ካገኘሽ ማዕዘኑ ጎድሎ ስለሚወጣ፣ ሥራው ሳይጀመር ለባለቤቱ አሳውቂያቸው።